«ሦስቱም ፓስ ይላሉ፤ ክፍያውን እንላክ?»

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ባለ የመለዋወጫ ዕቃ አስመጪ ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቻይና፣ ጓንጁ ካለው አቅራቢያችን ኢሜይል ደረሰን። የባንክ ሒሳባቸው በኦዲት ምክንያት ስለታገደ ቀሪውን ክፍያ በአዲስ ሒሳብ እንድንልክ ይጠይቃል፤ አዲስ ፕሮፎርማም አያይዟል። ከሥሩ የቀድሞ ደብዳቤዎቻችን አሉ፤ የላኪው ስምና ፊርማም ያው ነው። ተጠራጥሬ በጂሜይል ‹ሾው ኦሪጅናል› ብዬ ስከፍተው ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም፣ ዲማርክ የሚባሉት የላኪ ማረጋገጫዎች ሦስቱም ‹ፓስ› (አልፏል) ይላሉ። የአይቲ ባለሙያችን ሦስቱም ካለፉ ሐሰተኛ ሊሆን አይችልም አለ። እኔ ደግሞ አይፒ አድራሻውን፣ የላከውን ኮምፒዩተር የኢንተርኔት መለያ ቁጥር፣ ኢንተርኔት ላይ ብፈልገው አሜሪካ ይላል። ቻይና ያለ ሰው እንዴት ከአሜሪካ ይልካል? ስፓም ነው ወይስ አይደለም? የሄደሩን፣ ማለትም የኢሜይሉን የላኪና የጉዞ መረጃ የያዘውን ክፍል፣ ቅጂ አያይዣለሁ።»

ምላሽ፦ ክፍያውን አይላኩ። ኢሜይሉ ሐሰተኛ ነው። ሐሰተኛ መሆኑን የሚያሳየው ግን እርስዎ የጠረጠሩት አይፒ አይደለም፤ ባለሙያችሁ የተማመነባቸው ሦስት «ፓስ»ም ቢሆኑ የሚያስተማምኑ አይደሉም። ማስረጃው ያለው ከ«ፓስ» ቀጥሎ በተጻፈው የዶሜይን ስም (በኢሜይል አድራሻ ላይ ከ@ ምልክት በኋላ የሚመጣው ስም) ውስጥ ነው፤ ሁለታችሁም ሳታዩ ያለፋችሁት እሱን ነው።

በላኩት ቅጂ ውስጥ «ኦተንቲኬሽን-ሪዘልትስ» ብሎ የሚጀምረውን ክፍል ያግኙ። መጨረሻው አካባቢ «ዲማርክ=ፓስ» ይልና ትንሽ ወረድ ብሎ «ሄደር.ፍሮም=» የሚል አለ። ከእኩል ምልክቱ በኋላ ያለውን ስም ፊደል በፊደል ያንብቡት። የአቅራቢያችሁ ዶሜይን «ሞተርስ» በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ያልቃል። እዚህ ግን የቃሉ መጀመሪያ ኤም አይደለችም፤ አር እና ኤን ተጠጋግተው ተጽፈዋል። ሁለቱ ፊደላት በትንሽ ጽሑፍ ሲታዩ፣ በተለይ በስልክ ስክሪን ላይ፣ ቁርጥ ኤም ይመስላሉ። በዓይን ብቻ ለመለየት አይሞክሩ። ሄደሩ በተከፈተበት ገጽ ላይ ኮንትሮልና ኤፍን አንድ ላይ ይጫኑና የአቅራቢውን ዶሜይን ከድሮ ውል ላይ እያዩ በእጅዎ ይተይቡ፤ ከዚህ ኢሜይል ላይ ኮፒ አያድርጉ። ኮምፒዩተሩ ፊደልን በቅርጹ አይለይም። ፍለጋው ያ ስም በ«ፍሮም» መስመር ላይ እንደሌለ ይነግርዎታል። ምናልባት ከሥር በተለጠፉት የቆዩ ደብዳቤዎች ውስጥ ያገኘው ይሆናል፤ እነሱ እውነተኛ ስለሆኑ ነው።

አሁን «ፓስ» ምን ማለት እንደሆነ እንመልከት፤ ስህተቱ የተፈጠረው እዚህ ላይ ነውና። የኢሜይል መላኪያ ደንቡ፣ ኤስኤምቲፒ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ ላኪው ማንነቱን የሚያረጋግጥበት መንገድ አልነበረውም። ማንም ሰው የፈለገውን ስም በ«ፍሮም» መስመር ላይ ጽፎ መላክ ይችል ነበር። ሦስቱ ማጣሪያዎች በኋላ የተደረቡት ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ነው። ኤስፒኤፍ «ይህን ኢሜይል ያመጣው ሰርቨር (ደብዳቤ የሚያስተላልፈው ኮምፒዩተር)፣ የዶሜይኑ ባለቤት በስሜ ይላኩ ብሎ ከፈቀደላቸው ሰርቨሮች አንዱ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ዲኪም ዶሜይኑ ያኖረውን የዲጂታል ፊርማ መርምሮ ደብዳቤው በመንገድ ላይ አለመነካቱን ያያል። ዲማርክ ደግሞ በኤስፒኤፍ ወይም በዲኪም ያለፈው ዶሜይን በ«ፍሮም» መስመር ላይ ለአንባቢ ከሚታየው ዶሜይን ጋር አንድ መሆኑን ያመሳክራል።

ሦስቱም «ይህ ዶሜይን በእርግጥ ይህን ኢሜይል ልኳል» ነው የሚሉት። ዶሜይኑ እርስዎ የምታውቁት ነጋዴ ስለመሆኑ አንዲት ቃል አይሉም። መታወቂያው በትክክል የወጣ ነው፤ መታወቂያውን የያዘው ሰው ግን የእናንተ ሰው አይደለም። አጭበርባሪው ተመሳሳዩን ዶሜይን በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር ከፍሎ ገዝቶታል፤ ሕጋዊ ባለቤቱ ስለሆነ ኤስፒኤፉንም ዲኪሙንም ዲማርኩንም ራሱ በደቂቃዎች ውስጥ አስተካክሎ ሞልቶታል። ጉግልና ያሁ ከየካቲት 2024 (በፈረንጆች) ጀምሮ ብዙ ኢሜይል የሚልኩ ሁሉ፣ ለጂሜይል በቀን ከ5000 በላይ የሚልኩ ማለት ነው፣ ሦስቱንም እንዲያሟሉ ግዴታ ካደረጉ ወዲህ ስፓም ላኪውም እንደ ሌላው ያሟላል። ስለዚህ «ፌይል» (ወድቋል) ዛሬም ጠቃሚ ማስጠንቀቂያ ነው፤ «ፓስ» ግን የመልካም ሰው ምስክር ወረቀት አይደለም። «ፓስ» የሚል ባዩ ቁጥር ራስዎን «የማን ስም ነው ያለፈው?» ብለው ይጠይቁ።

የዶሜይኑን ዕድሜም ይዩ። አይካን የሚባለው የዓለም አቀፍ የዶሜይን ስሞች አስተዳዳሪ ድርጅት ባዘጋጀው የፍለጋ ገጽ ላይ ስሙን ሲያስገቡ የተመዘገበበት ቀን ይወጣል። ለዓመታት ዕቃ ሲልክላችሁ የኖረ አቅራቢ ዶሜይኑ የተመዘገበው ባለፈው ወር ከሆነ ሌላ ማስረጃ መፈለግ አያስፈልግም። የባለቤቱ ስምና ስልክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለሚሸፈን እሱን አይጠብቁ።

ወደ አይፒው ልምጣ። ሄደር ውስጥ «ሪሲቭድ» የሚሉ መስመሮች አሉ። ኢሜይሉ ያለፈበት እያንዳንዱ ሰርቨር የራሱን መስመር ከላይ እየጨመረ ስለሚሄድ ጉዞው የሚነበበው ከታች ወደ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ላኪ ከታች፣ የእናንተ ሳጥን ከላይ። ብዙ ሰው ይህን ካወቀ በኋላ ወዲያው ወደ ታችኛው መስመር ይሄድና «ይኸው ላኪው!» ይላል። ይህ አደገኛ ስህተት ነው። የታችኞቹን መስመሮች አጭበርባሪው ራሱ ከመላኩ በፊት ፈጥሮ ሊያስገባቸው ይችላል፤ የጽሑፍ መስመር ብቻ ናቸው። ሊታመን የሚችለው የእናንተ አገልግሎት ሰጪ የጻፈው ነው፤ በእናንተ ሁኔታ ጉግል ማለት ነው። «ባይ ኤምኤክስ.ጉግል.ኮም» የሚለውን መስመር ይፈልጉ። በዚያ መስመር ላይ «ፍሮም» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያለው ስም ላኪው ሰርቨር «ስሜ ይህ ነው» ብሎ የተናገረው ነው፤ መዋሸት ይችላል። በአራት ማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያለው ቁጥር ግን ጉግል ራሱ ግንኙነቱን ሲቀበል ያየው አይፒ ነው፤ እሱን ላኪው ሊቀይረው አይችልም። ከዚያ መስመር በታች ያለውን ሁሉ እንደ ወሬ ይቁጠሩት፤ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል።

ያም ሆኖ ያ የሚታመነው አይፒ የሚነግርዎት ደብዳቤውን ያስረከበው ሰርቨር የት እንደተመዘገበ እንጂ ሰውየው የት እንደተቀመጠ አይደለም። አቅራቢያችሁ ጓንጁ ቁጭ ብሎ የአሜሪካ ኩባንያ የኢሜይል አገልግሎት ቢጠቀም አይፒው አሜሪካ ይላል። የእናንተው ድርጅት ከቦሌ የሚልከው ኢሜይልም ጂሜይል ስለሆነ ተቀባዩ ዘንድ የጉግል አይፒ ሆኖ ነው የሚታየው፤ ጂሜይል ከብራውዘር የሚላክን ደብዳቤ የላኪውን የቤት ወይም የቢሮ አይፒ ሄደር ውስጥ አያስቀምጥም። ስለዚህ አገርን ከአገር እያነጻጸሩ «ስፓም ነው፣ አይደለም» ማለት ወደ ሁለት ዓይነት ጥፋት ይመራል፦ እውነተኛውን ደብዳቤ ይጥላሉ፣ ሐሰተኛው ከቻይና ሰርቨር የመጣ ቀን ደግሞ ተረጋግተው ይከፍላሉ። በ10፣ በ192.168፣ ወይም ከ172.16 እስከ 172.31 ባሉት የሚጀምሩ ቁጥሮች ቢያዩ ደግሞ እነዚያ የአንድ ቢሮ ወይም ድርጅት የውስጥ አድራሻዎች ናቸው፤ በኢንተርኔት ላይ ቢፈልጓቸው ምንም አይገኝም፤ መኖራቸውም የሚያስጠረጥር አይደለም።

ሰዓቱ ከአይፒው የተሻለ ፍንጭ ይሰጣል፤ አነባበቡ ግን ለእኛ ሰው ሁለት ጊዜ ያሳስታል። ጉግል በ«ሪሲቭድ» መስመሩ ላይ የሚጽፈው የካሊፎርኒያን ሰዓት ነው። በእርስዎ ቅጂ ላይ 07:42:10 ይልና ከጎኑ -0700 የሚል ቁጥር አለ። የመቀነስ ምልክቱ ከግሪንዊች 7 ሰዓት ወደ ኋላ ማለት ስለሆነ 7 ይደምሩ፤ 14:42 ይሆናል። የእኛ አገር +0300 ስለሆነ 3 ይጨምሩ፤ 17:42። በእኛ አቆጣጠር 6 ይቀንሱ፤ ከቀኑ 11 ሰዓት ከ42 ደቂቃ። ኢሜይሉ ቢሮ ልትዘጉ ስትሉ ነው የገባው። ያው ቅጽበት ጓንጁ ላይ፣ +0800 በመሆኑ፣ 22:42 ነው፤ ሰው ወደ መኝታው የሚሄድበት ሰዓት። «ዴት» የሚለው መስመር ደግሞ 15:42:03 ብሎ +0100 ጨምሯል። ቅጽበቱ አንድ ነው፣ ሒሳቡ ይገጥማል፤ ነገር ግን የላኪው ኮምፒዩተር ወይም ሶፍትዌር የተስተካከለው በቻይና ሰዓት አይደለም። የቆዩትን የአቅራቢውን ደብዳቤዎች ሦስት አራቱን ከፍተው «ዴት» መስመራቸውን ይመልከቱ፤ ሁሉም +0800 ሆነው ይህ ብቻ +0100 ከሆነ ጥርጣሬውን ያጠነክራል። ብቻውን ግን አይበቃም፤ ሻጩ አውሮፓ ለኤግዚቢሽን ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንድ የድረ ገጽ ኢሜይሎችም ሁሉንም በ+0000 ይጽፋሉ።

በሄደራችሁ ውስጥ ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ሌላ መስመር ነው። «ኢን-ሪፕላይ-ቱ» ይላል፤ ቀጥሎ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድብልቅ አለ፤ መጨረሻው «ሜይል.ጂሜይል.ኮም» ነው። እያንዳንዱ ኢሜይል ሲወለድ «ሜሴጅ-አይዲ» የሚባል የራሱ መለያ ይሰጠዋል፤ መልስ ሲጻፍ ያ መለያ ወደ መልሱ ሄደር ይገለበጣል። በዚህ አኳኋን የሚያልቀው መለያ ከጂሜይል የተላከ ደብዳቤ መለያ ነው። ስለዚህ አሁኑኑ ለአቅራቢው በመጨረሻ የላኩትን ደብዳቤ ከ«ሴንት» (የተላኩ) ውስጥ አውጥተው «ሾው ኦሪጅናል» ይበሉና «ሜሴጅ አይዲ» የሚለውን ከዚህኛው ጋር ያወዳድሩ። ከገጠመ፣ አጭበርባሪው የእናንተን እውነተኛ ደብዳቤ ከነሄደሩ በእጁ ይዞታል ማለት ነው። ያን ያገኘው ከሁለት ቦታ ባንዱ ነው፦ ከእናንተ ሳጥን ወይም ከአቅራቢው ሳጥን። የቀረውን የክፍያ መጠንና የፕሮፎርማውን ቁጥር በትክክል ያወቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። አንዳችሁ ዘንድ ደብዳቤ የሚያነብ ሰው ገብቷል። ይህን ስፓም ብሎ አጥፍቶ ማለፍ ሌባውን ቤት ውስጥ ትቶ በር መዝጋት ነው።

የእናንተን ሳጥን ለመፈተሽ በኮምፒዩተር ጂሜይልን ይክፈቱ፤ የማርሹን ምልክት፣ ከዚያ «ሲ ኦል ሴቲንግስ» ይጫኑ። ሦስት ቦታ ይዩ። «ፊልተርስ ኤንድ ብሎክድ አድሬስስ» በሚለው ውስጥ እናንተ ያላወጣችሁት ማጣሪያ ካለ፣ በተለይ «ኢንቮይስ»፣ «ፔይመንት» ወይም የአቅራቢውን ስም የያዘውን ደብዳቤ ወደ «ትራሽ» ወይም ወደ «አርካይቭ» የሚልክ ከሆነ፣ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡና ይሰርዙት። «ፎርዋርዲንግ ኤንድ ፖፕ/አይማፕ» በሚለው ውስጥ የማታውቁት አድራሻ መኖሩን፣ «አካውንትስ» በሚለው ውስጥ ሌላ ሰው ሳጥኑን እንዲከፍት ተፈቅዶለት እንደሆነ ይመልከቱ። ከዚያ ወደ ኢንቦክሱ ተመልሰው ከገጹ ግርጌ በስተቀኝ «ዲቴይልስ» የሚለውን ሲጫኑ አካውንቱ በቅርብ ጊዜ የተከፈተባቸው ቦታዎችና ሰዓቶች ይዘረዘራሉ፤ እዚያው ሌሎቹን ሁሉ ማስወጣት ይቻላል። የይለፍ ቃሉን የሚቀይሩት ይህን ካዩ በኋላ ይሁን፤ ከቀየሩም በኋላ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያብሩ። ቅደም ተከተሉ ለምን ያስፈልጋል? የይለፍ ቃል ብቻ ቀይረው ማጣሪያውንና ማስተላለፊያውን ከተዉት አጭበርባሪው መግባት ቢያቅተውም ደብዳቤያችሁ ወደ እሱ መፍሰሱን ይቀጥላል። አውትሉክ የሚጠቀም የሥራ ባልደረባ ካለ የእሱን «ሩልስ» ይፈትሹ፤ የሚደበቁት ደብዳቤዎች ብዙ ጊዜ ማንም ወደማይከፍተው «አርኤስኤስ» ወደሚባለው ፎልደር ይወሰዳሉ።

የእርስዎን ጉዳይ ትቼ ስለ ሌሎች መስመሮች ጥቂት ልበል፤ ነገ የሚመጣው ሐሰተኛ ኢሜይል በዚህ መልክ ላይመጣ ይችላል። በ«ፍሮም» መስመር ላይ ከአድራሻው በፊት የሚታየው ስም ማንም የፈለገውን የሚጽፍበት ባዶ ቦታ ነው፤ የስልክ መተግበሪያዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ እሱን ብቻ ያሳያሉ። ስሙን ነካ አድርገው አድራሻውን ያውጡ። የጂሜይል የስልክ መተግበሪያ ሙሉ ሄደር ስለማያሳይ ለምርመራ ኮምፒዩተር ይጠቀሙ። «ሪፕላይ-ቱ» መልስዎ የሚሄድበት አድራሻ ነው፤ «ፍሮም» የኩባንያ አድራሻ ሆኖ «ሪፕላይ-ቱ» በነጻ የሚከፈት ጂሜይል ወይም ያሁ ከሆነ መልስ አይስጡ። «ኤክስ-ፒኤችፒ-ኦሪጅኔቲንግ-ስክሪፕት» የሚል መስመር ካዩ ደብዳቤው የወጣው ከሰው ኢሜይል ሳይሆን ከድረ ገጽ ላይ ከሚሠራ ፕሮግራም ነው። የድረ ገጽ «ያግኙን» ፎርም ይህን ያመጣል፤ «ከባንክዎ» የመጣ ደብዳቤ ላይ ከታየ ግን የተሰበረ የሌላ ሰው ድረ ገጽ ስፓም እየላከ ነው። «ስፓም የለውም፣ ቫይረስ ተፈትሿል» የሚሉ መስመሮችን አይመኑ፤ አጭበርባሪው ራሱ ይጽፋቸዋል። «ኦተንቲኬሽን-ሪዘልትስ»ም ቢሆን ከአንድ በላይ ሊኖር ስለሚችል «ኤምኤክስ.ጉግል.ኮም» ብሎ የሚጀምረውንና ከሁሉም በላይ ያለውን ብቻ ይመኑ።

«ሪተርን-ፓዝ» ከ«ፍሮም» ጋር አለመግጠሙን እንደ ወንጀል ማስረጃ የሚያቀርቡ ብዙ ናቸው። አይደለም። ፖስታና ደብዳቤን ያስቡ፦ ደብዳቤው ላይ የድርጅቱ ስም ይኖራል፤ ፖስታው ጀርባ ላይ ግን «ካልደረሰ የሚመለስበት» አድራሻ ሌላ ሊሆን ይችላል። «ሪተርን-ፓዝ» የፖስታው ጀርባ ነው። አየር መንገዶች፣ ባንኮችና ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ሕዝብ ጋር የሚደርስ ደብዳቤ የሚልኩት በሌላ ኩባንያ አማካይነት ስለሆነ በ«ሪተርን-ፓዝ» ላይ የዚያ ኩባንያ ዶሜይንና ረጅም ትርጉም አልባ የሚመስል ቁጥር ይታያል። እንዲህ ባለ ጊዜ ወደ ዲኪም ይሂዱ፤ «ሄደር.አይ=» ከሚለው ቀጥሎ የላኪው ድርጅት የራሱ ዶሜይን ካለና ዲማርክም ካለፈ ችግር የለበትም።

«ፌይል»ም ሁልጊዜ ማጭበርበር አይደለም። አንድ ሰው ከድርጅት ኢሜይሉ ወደ ግል ጂሜይሉ ደብዳቤ በራሱ እንዲተላለፍ ካደረገ፣ ያስተላለፈው ሰርቨር በላኪው ዝርዝር ውስጥ ስለማይኖር ኤስፒኤፍ ይወድቃል፤ ዲኪም ግን ደብዳቤው ካልተነካ ያልፋል። «ሶፍትፌይል» የሚለው ደግሞ የዶሜይኑ ባለቤት «በዝርዝሬ ውስጥ የለም፣ ምናልባት የእኔ አይደለም፣ ግን በቁርጥ አልከለክልም» ያለበት ነው። ዲኪምን ጨርሶ ያላስተካከሉ ትናንሽ ድርጅቶች በኛም አገር በሌላም ብዙ ናቸው፤ «ነን» (በእንግሊዝኛ «ምንም የለም») የሚል ማየት የዝግጅት ጉድለት እንጂ የግድ ሌብነት አይደለም። በአገራችን ደግሞ ብዙ ድርጅቶች የሥራ አድራሻቸው ጂሜይል ነው። በእነዚህ ላይ የሄደር ምርመራ ከሞላ ጎደል ዋጋ የለውም፤ «ጂሜይል.ኮም አልፏል» ከማለት ሌላ የሚናገረው ነገር የለም፤ በማንም ስም ደግሞ ጂሜይል መክፈት ይቻላል። ከእንዲህ ዓይነት አድራሻ ጋር የምትሠሩ ከሆነ ሙሉ አድራሻውን፣ ከነጥቧና ከቁጥሯ ጋር፣ ቀድሞ ከተመዘገበው ጋር ማመሳከር ብቻ ነው የሚያዋጣው።

«አካውንትህን ሰብሬአለሁ፤ ማረጋገጫው ከራስህ አድራሻ መላኬ ነው፤ ቢትኮይን ክፈል» የሚል ኢሜይል ለሚደርሳቸው ሰዎች ግን ሄደሩ ጥሩ መድኃኒት ነው። በአብዛኛው ኤስፒኤፍም ዲማርክም «ፌይል» ይላሉ፤ «ፍሮም» መስመር ላይ ስምዎን ከመጻፍ በስተቀር ምንም አልተደረገም። አይክፈሉ፣ አይመልሱ።

ሄደር የማይደርስበት ወሰን አለ፤ ክፍያ የሚያጸድቅ ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። አጭበርባሪው ተመሳሳይ ዶሜይን ከመግዛት ይልቅ የአቅራቢውን እውነተኛ ሳጥን ሰብሮ ገብቶ ከዚያው ቢልክላችሁ ኖሮ፣ ዶሜይኑም ትክክል፣ ሦስቱም «ፓስ»፣ አይፒውም የተለመደው በሆነ ነበር። ከሄደሩ ውስጥ አንድም የተሳሳተ ፊደል አታገኙም። የአሜሪካው ኤፍቢአይ የኢንተርኔት ወንጀል ቅሬታ ማዕከል ለ2023 ባወጣው ሪፖርት በእንዲህ ዓይነቱ የንግድ ኢሜይል ማጭበርበር የደረሰው ኪሳራ ከ2.9 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። እንዲህ ያለ ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ማንም ሄደር ማንበብ ስላልቻለ ሳይሆን የሒሳብ ቁጥር ለውጥ በኢሜይል ብቻ ስለሚጸድቅ ነው።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፤ ድርጅታችሁ በጽሑፍ ደንብ ቢያደርገው ይሻላል። የባንክ ሒሳብ ለውጥ በኢሜይል ሲመጣ፣ ሄደሩ የፈለገውን ቢል፣ ከዚህ ኢሜይል በፊት በእጃችሁ በነበረ ስልክ ቁጥር ደውላችሁ፣ ድምጹን ከምታውቁት ሰው ጋር ተነጋግራችሁ፣ አዲሱን የሒሳብ ቁጥር እሱ እንዲያነብላችሁ ሳታደርጉ አትክፈሉ። ቁጥሩን እናንተ አንብባችሁ «አዎ» አታስብሉት። ስልኩን ከአዲሱ ፕሮፎርማ ወይም ከኢሜይሉ ፊርማ ላይ አይውሰዱ፤ አጭበርባሪው የራሱን ቁጥር አስገብቶበት ይሆናል። በዊቻት (በቻይናው የመልእክት መተግበሪያ) የቆየ ግንኙነት ካላችሁ በድምጽ ወይም በቪዲዮ ይሁን፤ በጽሑፍ መልእክት ብቻ አይበቃም። ሲደውሉም አቅራቢው ከእናንተ የመጡለትን የቅርብ ደብዳቤዎች ዶሜይን እንዲያይ ይጠይቁት፤ እናንተን መስሎ ለእሱም እየጻፈ ሊሆን ይችላል።

ክፍያው ቀድሞ ወጥቶ ከሆነ ኢሜይል በመመርመር ጊዜ አያጥፉ። የስዊፍቱን (ባንኩ ገንዘቡን ወደ ውጭ የላከበትን ማረጋገጫ) ኮፒ ይዘው በዚያው ሰዓት ባንካችሁ ይሂዱ፤ ክፍያው እንዲታገድና እንዲመለስ ለተቀባዩ ባንክ ጥያቄ እንዲላክ በጽሑፍ ያመልክቱ። ገንዘቡ ከተቀባዩ ሒሳብ ከወጣ በኋላ የመመለስ ዕድሉ በጣም የመነመነ ስለሆነ የሚቆጠረው ሰዓት ነው።

ኢሜይሉን አይሰርዙ፤ «ፎርዋርድ» በማድረግም ለፖሊስ ወይም ለባለሙያ አይላኩት። ሲያስተላልፉት የመጀመሪያው ሄደር ጠፍቶ የእርስዎ ይተካል። «ሾው ኦሪጅናል» ገጽ ላይ «ዳውንሎድ ኦሪጅናል» የሚለውን ተጭነው ፋይሉን ያስቀምጡ፤ ወይም ከሦስቱ ነጥቦች ውስጥ «ፎርዋርድ አዝ አታችመንት» ይምረጡ። በአውትሉክ የድረ ገጽ ሳጥን ሙሉ ሄደሩ የሚገኘው በሦስቱ ነጥቦች ሥር፣ «ቪው» ከዚያም «ቪው ሜሴጅ ሶርስ» በሚለው ነው፤ በያሁ «ቪው ሮው ሜሴጅ» ይባላል። የሄደር መተንተኛ ድረ ገጾችን መጠቀም ይቻላል፤ የጉግል «መሴጅሄደር» የሚባለው በእያንዳንዱ ሰርቨር ላይ የቆየበትን ጊዜ አስልቶ ያሳያል። እዚያ የሚለጥፉት ግን ከላይ ያለውን የሄደር ክፍል ብቻ ይሁን፤ ከመጀመሪያው ባዶ መስመር በታች ያለው የደብዳቤው ይዘት ነው፤ የድርጅቱ ዋጋና የሒሳብ ቁጥር እዚያ ውስጥ አለ። በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት በኮምፒዩተር የሚፈጸም ማጭበርበር ወንጀል ስለሆነ ለፖሊስ ሲያመለክቱ ያንን ያወረዱትን ፋይል፣ የአጭበርባሪውን ፕሮፎርማና ከ«ፊልተርስ» ገጹ ላይ ያነሱትን ፎቶ አንድ ላይ ያቅርቡ። በፕሮፎርማው ላይ ያለውን የሐሰተኛ ሒሳብ ቁጥርም ለባንካችሁ ያሳውቁ።